የጓሳ ሣርና የደጋ ቤት

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚኖረው ገበሬ የጥንቱን ቤት የሠራው የአገሩን ብርድ አጥንቶ ነው። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ካብ፣ ምርጊቱ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ፣ ክዳኑም ጥቅጥቅ ብሎ የተነባበረ የጓሳ ሣር ነው። ዛሬ ግን እንዲህ ያለው ቤት ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ሣሩን አውርዶ በቆርቆሮ መክደን ነው። ይህ አሠራር ሊመረመር ይገባዋል።

ቆርቆሮ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ዝናብ አያስገባም፤ እንደ ሣር ቶሎ ቶሎ አይታደስም፤ በእሳትም አይያያዝም። ይሁን እንጂ ብረት ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋል። በመሆኑም ቀን ፀሐይ ሲመታው ቤቱ ይግላል፤ በኅዳር ውርጭ ሌሊት ደግሞ የምድጃው ሙቀት በጣሪያው በኩል ያመልጣል። ወፍራም የሣር ክዳን ግን በውስጡ አየር ይዞ ስለሚያቆይ ሙቀቱ በቶሎ አይወጣም፤ ብርዱም በቶሎ አይገባም። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የለበሰውን ሰው የሚያሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ሙቀቱ የሚያመልጥበት ቤት ብዙ ማገዶ ይፈጃል፤ ለማሳው ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባው ኩበትም በምድጃ ነዶ ይቀራል።

«ይህን ሁሉ ሣር ከየት ማግኘት ይቻላል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመንዝ ሕዝብ ግን መልሱን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ባቆመው የጋራ ደንብ መሠረት የጓሳው መሬት ለተወሰኑ ዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ተከልክሎ ይቆይና፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፈት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ መሬቱም ለልቅ አጠቃቀም ተጋለጠ። ከጊዜ በኋላ ግን ሕዝቡ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። የቀይ ቀበሮና የጭላዳ ዝንጀሮ መኖሪያ የሆነው ይኸው መሬት ነው።

እንግዲህ የጥንቱን ቤት የሚያድስ ሰው ክዳኑን በሣር ቢያጸና ይመረጣል። ቆርቆሮ የግድ ካስፈለገውም፣ ከምድጃው እሳት በሚገባ አርቆ፣ ከቆርቆሮው ሥር በደረቅ ሣር የተሞላ ኮርኒስ ይሥራ። መሬቱ ካልተጠበቀ የክዳን ሣር አይገኝም፤ የክዳን ሣር ፈላጊ ካጣ ደግሞ መሬቱን ለመጠበቅ የሚደክም ሰው እየጠፋ ይሄዳል።