የአባትህን ቤት አትናቅ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚል አንድ ክፉ ተረት አለ። በልጅነቴ ስሰማው እስቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ዕድሜዬ ከ60 አልፎ ሳስበው ያሳፍረኛል። የሚያሳፍረኝም ስለ ሌላ ሰው አይደለም፤ የአባቴን ቤት በገዛ እጄ ያፈረስሁት እኔ ስለ ሆንሁ ነው።

በመምህርነት በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ስለ ሥልጣኔ ሳስተምር፥ በሰሌዳው ላይ በአንድ ወገን የጭቃ ቤት፥ በሌላው ወገን የብሎኬት ቤት እየሣልሁ፥ የመጀመሪያውን «ድንቁርና»፥ ሁለተኛውን «ዕድገት» እያልሁ እጽፍ ነበር። ጡረታ በወጣሁ ጊዜ ያስተማርሁትን በራሴ ላይ ፈጸምሁት። እኔ ሳልወለድ አባቴ ከጎረቤቶቹ ጋራ በደቦ የሠራውን ቤት አፍርሼ፥ ምስጥ ያልደፈረውን የወይራ ምሰሶ ለማገዶ ሸጥሁት። ከዚያም ተበድሬ ቤቴን በብሎኬትና በቆርቆሮ ሠራሁ። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ተቀብሎ ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሳል፤ አዲሱ ቤቴ ግን ቀን የሚያቃጥል፥ ሌሊት የሚያንቀጠቅጥ ሆነብኝ።

እንግዲህ የምጠይቅህ ይህ ነው፤ የጭቃን ቤት የምንንቀው ስለ ምንድን ነው? «ይፈርሳል» ትለኝ ይሆናል። በየመን አገር በሺባም ከተማ እስከ ሰባት ፎቅ የሚደርሱ ቤቶች የተሠሩት ከጭቃ ጡብ ነው፤ ከተማይቱም በ1982 በፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ሩቅ መሄድም አያሻም። የኮንሶ ሕዝብ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካበ፥ ተራራውን እርከን አድርጎ አፈሩን ከጎርፍ አድኗል። ይህም ሥራ ከ400 ዓመት በላይ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ በ2011 በፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የኮንሶ እርከንም ቢሆን ይፈርሳል፤ ነገር ግን የፈረሰውን መልሶ የሚክብ ልጅ አለው።

ደግሞስ የጭቃ ቤት ያለ ጊዜው የሚፈርሰው ሠሪው ሲሰንፍ አይደለምን? የድንጋይ መሠረት ሳያወጣ እንጨቱን በእርጥብ መሬት ቢተክል ምስጥ ይበላዋል፤ የጣራውን ክፈፍ ቢያሳጥር ዝናብ ግድግዳውን ያጥበዋል፤ ጭቃውን ከጭድ ጋራ አቡክቶ ሳያሳድር ቢመርገው ይሰነጠቃል። ጥፋቱ የሰው ሆኖ ሳለ አፈር ስለ ምን ይወቀሳል?

የሲሚንቶ ነገር ግን እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋራ እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ይቃጠላል። ከማገዶውም ከድንጋዩም የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ የሰው ልጅ ሥራ በዓለም ከሚያወጣው ከመቶ 7 ወይም 8 እጅ ያህል ነው። ይህን ስል የሲሚንቶ ጠላት ነኝ ማለቴ አይደለም፤ ለድልድይና ለግድብ፥ ለፎቅ ቤትም ያስፈልጋል። ለዶሮ ቤትና ለችግኝ ዳስ ሲሚንቶ ለመግዛት መበደር ግን ታይታ ነው እንጂ ሥልጣኔ አይባልም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የእንጨት ሥራ መምህራችን አዲስ ምስማር ከመስጠቱ በፊት የተጣመመውን በመዶሻ እንድናቃና ያዝዘን ነበር። እኛም ንፉግ ነው እያልን እናማው ነበር። ዛሬ መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄድ፥ የተጣለ በርሜል ምድጃ ሲሆን፥ ያረጀ ጎማም ጫማ ሲሆን ታያለህ። በእነዚህ ሠራተኞች የሚስቅ ሰው ዲግሪ ቢኖረውም ገና አልተማረም።

እኔም ዘግይቼ ትምህርቴን ጀመርሁ። ከአባቴ ቤት በተረፈው የመሠረት ድንጋይ፥ በአሮጌው በርና በትርፍራፊው ቆርቆሮ የዶሮ ቤትና የችግኝ ዳስ ሠራሁ፤ ግድግዳውንም ከጎረቤት ልጆች ጋራ በእግራችን ረግጠን ባቦካነው ጭቃ መረግነው። የዶሮው ኩስ ለጎመኑ ማዳበሪያ፥ የጎመኑ ትራፊ ለዶሮዎቹ መኖ ሆነ። ከጣራዬም አሸንዳ አወረድሁ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ 40 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 40,000 ሊትር ይሆናል። ይህን ሁሉ በረከት ስንት ዘመን ወደ ቦይ ስናፈስ ኖርን!

የወይራው ምሰሶ ግን አይመለስም። በደጄ የወይራ ችግኝ ተክያለሁ፤ ምሰሶ ሲሆን አላየውም። አንተ፥ ልጄ፥ የአባትህ ቤት ገና ቆሞ ከሆነ፥ ከማፍረስህ በፊት ከምን እንደ ተሠራና ለምን እንደ ቆየ ሽማግሌዎችን ጠይቅ። ያዘመመውን አቃና፤ የጎደለውን ሙላ፤ አዲስ ነገርም ቢያስፈልገው ጨምርበት። ሲዘረፍ ያገኘኸው እንደ ሆነ ግን አብረህ አትዝረፍ፤ ምሰሶውን ያዝ።