የአየር ሳጥኑን ለምን ታስቆርጡታላችሁ?

ሰሞኑን አርካዊት ውስጥ በየዋርሻው ደጃፍ የምናየው ነገር አላማረንም። ልጆቻችን ረጅም መንገድ ከመውጣታቸው በፊት የሞተር ሳይክሉን የአየር ሳጥን ያስቆርጣሉ። የባሰበት ደግሞ ሳጥኑን ከነማጣሪያው አስነቅሎ ካርቡሬተሩ አፍ ላይ ሾጣጣውን ክፍት ማጣሪያ ያስገጥማል። ነዳጅ ሲሰጡት ድምፁ ይጎረናል፤ የቆመው ሁሉ «አሁን ተነፈሰ!» ይላል። እኛ ግን በዚህ ከተማ እንዲህ ማድረግ ገንዘብ ማቃጠል ነው እንላለን።

ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ቤንዚን ያለ አየር አይነድም፤ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙ አየር ካስገባንና ቤንዚኑንም በልኩ ከጨመርንለት ጉልበት ሊገኝ ይችላል። አስፋልቱ ንጹሕ በሆነበት አገር፣ ጉልበቱን በመሣሪያ እየለኩ ለእሽቅድድም የሚያስተካክሉ አሉ፤ ከእነሱ ጋር ጠብ የለንም። የእኛ ሰው ግን ሳጥኑን ያስቆርጥና ቤንዚኑን እንደነበረ ይተወዋል። ያ ሳጥን ደግሞ ባዶ ፕላስቲክ እንዳይመስላችሁ፤ ስፋቱና የአፉ ርዝመት ተለክቶ የተሠራው ሞተሩ በዝግታም ሲሄድ እንዲጎትት ነው። ሁለት ማዳበሪያ ጭኖ የሚነሣ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው እንጂ ጩኸት አይደለም።

አሁን ወደ አቧራው እንምጣ። 150 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር 3,000 ጊዜ አየር ይስባል። በሂሳብ ቢሰላ በደቂቃ እስከ 450 ሊትር፣ በሰዓት 27,000 ሊትር ይሆናል። ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም ከጭነት መኪና ኋላ ሲነዱ መዋል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሃቡብ የተነሣ ዕለትማ አይነገርም። አቧራችን ውስጥ የአሸዋ ብናኝ አለ፤ ብረት ይቧጭራል። ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም፤ ሰውን የሚያታልለውም ይህ ነው።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ደርሶበታል። ሞተሩን የገዛው በዕቁብ ነበር፤ ዕጣው ቀድሞ ስለወጣለት ገና ብዙ ወር የሚከፍለው ቀርቶት ነበር። ሳጥኑን አስነቀለ፤ ሁለት ጊዜ ገዳሪፍ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ሰማያዊ ጭስ መጣ፤ ዘይት ይጠጣ ጀመር፤ በመጨረሻም ከነጭነቱ ዳገት አልወጣ አለ። ፒስተኑም ሲሊንደሩም ተቀየሩ። ሞተሩ ቆሞ በሰነበተበት ጊዜ ዕቁቡን የከፈለችው ባለቤቱ ናት፤ ጠዋትና ማታ ቡና እያፈላች።

«እኔ ግን ልዩነቱን አይቻለሁ» የሚሉን አሉ። እናምናቸዋለን፤ ግን የት ነው ያያችሁት? ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ካርቱም 380 ሜትር አካባቢ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ይደክማል። የጭልጋን ቁልቁለት ጨርሶ መተማ ሲደርስ ማንም ሳይነካው ነፍስ ይዘራል። ጎንደር ላይ ሳጥኑን ያስቆረጠ ሰው መተማ ላይ ሞተሩ ሲበረታ መጋዙን ቢያመሰግን አይፈረድበትም፤ ያበረታው ግን ቆላው ነው።

አደጋውም እዚያው ነው። ደጋ ላይ ቤንዚን እንዲቀንስ ተብሎ የካርቡሬተሩ ጄት በትንሽ የተቀየረ ከሆነ፣ ቆላ ሲወርድ ቤንዚኑ ያንሳል። በዚያ ላይ ሳጥኑ ከተከፈተ ይብሱን ያንሳል፤ በካርቱም ሙቀት ሞተሩ ይግላል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ በጥላሸት ከጠቆረ በዝቶበታል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ሲወርዱ የፋብሪካውን ጄት መመለስ ከማንኛውም ሾጣጣ ማጣሪያ ይበልጣል።

ማሻሻል ካማራችሁ አቧራን የሚከለክል ማሻሻያ አለ። ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የሚወርዱት ፈረንጆች በገላባት ሲያልፉ ትልልቅ ሞተሮቻቸውን ተመልክተናል፤ ሳጥናቸው አልተቆረጠም፤ ሻንጣቸው ውስጥ ግን ትርፍ ማጣሪያ አለ። አንዳንዶቹ በማጣሪያው ላይ እንደ ካልሲ የሚጠለቅ ስስ ጨርቅ ያደርጋሉ፤ ሲቆሽሽ እሱን ብቻ ያወልቁታል። የስፖንጅ ማጣሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ በልኩ ዘይት ይቀባል። በቤንዚን አትጠቡት፤ እሳትም አለው፣ ማጣበቂያውንም ያለቅቃል። የወረቀቱ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ሲያረጅ ይቀየራል። ከሳጥኑ ወደ ካርቡሬተር የሚሄደውን ጎማም ዳሱት፤ ከተሰነጠቀ ማጣሪያው በከንቱ ነው።

የክረምቱ ውኃም አለ። መንገዱ ሲጥለቀለቅ ዝቅ ብሎ የተገጠመ ክፍት ማጣሪያ ውኃ ይስባል፤ ውኃ ደግሞ እንደ አየር ስለማይታመቅ የፒስተኑን ዘንግ ሊያጣምመው ይችላል።

በየዋርሻው ጥግ የተነቀሉ ሳጥኖች ተከምረው አይተናል። ያንተ ከመካከላቸው ካለ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ሄደህ ጠይቅ፤ ክዳኑና ብሎኖቹ አብረው መኖራቸውን እይና አስገጥመው።