«ምንም አያምም» ያልኩበት ቀን

ወዳጆቼ፣ ይህቺን አጭር ጽሑፍ የምከትባት በቀኝ እጄ ብቻ ነው። ግራ እጄ ጭኔ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተጋድሟል። ትናንት ረፋድ ላይ መርፌ ተወጋሁ፤ ማታ ክንዴ መቆርጠም ጀመረ፤ ሌሊቱን በግራ ጎኔ ልገላበጥ ባልኩ ቁጥር እየነቃሁ አነጋሁት። ጠዋት ከላይኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ላወርድ እጄን ብዘረጋ፣ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልሄድም አለ። መጽሐፉ እዚያው ቀረ፤ እኔም ከታችኛው መደርደሪያ የተገኘውን ይዤ ተቀመጥኩ።

የነገሩ መነሻ ሚስማር ነው። ከግቢያችን ጥግ የተከመረ አሮጌ ጣውላ ሳነሣ ረገጥኩት፤ የጫማዬን ሶል በስቶ እግሬ ውስጥ ገባ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ቁስሉን አጥበው የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት አዘዙልኝ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ዝገቱን ነው። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ግን ዝገት ሳይሆን በአፈርና በእንስሳት ፋንድያ ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ነው፤ ሚስማሩ በር ከፋች ብቻ ነው።

ክትባቱን የሰጡኝ ጠና ያሉ ሲስተር ናቸው። መርፌውን ከማንሣታቸው በፊት «በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው?» አሉኝ።

«በቀኜ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ግራህን ስጠኝ። ማታ ይቆረጥምሃል፤ ነገ ከፍ ማድረግ ያስቸግርሃል። በሁለት በሦስት ቀን ይለቅሃል። ታዲያ አቅፈኸው እንዳትውል፤ ቀስ እያልክ አንቀሳቅሰው።»

ወጉኝ፤ ጥጥ አስያዙኝ፤ ቀጣዩን ተራ ጠሩ። ነገሩ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። ሌሊት ሕመሙ ሲነሣ ግን የእኚያ ሴት ጥቂት ቃላት ከጎኔ ነበሩ። አልደነገጥኩም። ቀጠሮ ይዞ የመጣ እንግዳ ነውና «መጣህ እንዴ?» አልኩት፤ ቦታ ለቀቅኩለት።

በዚያው ሌሊት፣ ሕመሙ ሳይሆን አንድ የቆየ ጥፋቴ እንቅልፍ ነሣኝ። ዛሬ እሱን ልናዘዝና፣ ከእሱ ተነሥቼ አንድ ሐሳብ ላቅርብ።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት በአገራችን መሰጠት ሲጀምር፣ አክስቴን ይዤ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። አክስቴ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ስኳርም ያለባቸው ሴት ናቸው። ተራ ስንጠብቅ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ያማል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። እኔም የተማርኩት ልጅ፣ ብዙ ያነበብኩት ልጅ፣ ፈገግ ብዬ «ኧረ ምንም አያምም፤ ትንኝ የነካችዎት ያህል ነው» አልኳቸው።

በዚያ ሌሊት አክስቴ ተንቀጠቀጡ። ትኩሳት ያዛቸው፤ ክንዳቸው እንደ ድንጋይ ከበደ። ማልዶ የደረሰች ጎረቤት ወጌሻ ይጠራ አለች፤ ሌላዋ የተወጉበትን ቦታ በቅቤ አሸችላቸው፤ ሕመሙ ባሰ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ለቀቃቸው። አንድ ነገር ብቻ አልለቀቃቸውም፤ የእኔ ቃል። የሁለተኛው ዙር ቀን ሲደርስ ልወስዳቸው ሄድኩ። ረከቦቱ ፊት ተቀምጠው፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ «በትንሹ የዋሸኸኝ፣ በትልቁማ እንዴት አልዋሸኸኝም?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ሁለተኛውን ሳይወስዱ ቀሩ፤ ከእሳቸው ጋር ቡና የሚጠጡ ሁለት ጎረቤቶቻቸውም ጨርሶ ሳይከተቡ ቀሩ። እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ማንም አልተጎዳም። ይህ ግን የእኔን ጥፋት አያቀለውም፤ ዕዳዬን ሌላ ሰው ከፈለልኝ ማለት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ አክስቴ ሕመም የሚፈሩ ሴት አለመሆናቸው ነው። ክንዳቸው ላይ ክብ፣ ጎድጎድ ያለች፣ የሳንቲም ያህል ጠባሳ አለች፤ የፈንጣጣ ክትባት ማኅተም። ያ ክትባት ከዛሬዎቹ ጋር አይነጻጸርም። የተወጋው ቦታ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይመግላል፣ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ እስኪወድቅ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። አክስቴ ይህን ሁሉ ችለውታል። ለምን ቢባል፣ ከታቢው አስቀድሞ ነግሯቸዋል። «ቅርፊቱ ሲወድቅ ያልቃል አለን፤ ሲወድቅ አለቀ» ይላሉ እስከ ዛሬ። የተነገራቸው ሕመም መጣ፤ የተነገራቸው ፍጻሜም መጣ። ስለዚህ አመኑ።

እንዲህ ዓይነቶቹ ክንዶች ባይኖሩ ፈንጣጣ ዛሬም ከእኛ ጋር በሆነ ነበር። በአገራችን የማጥፋቱ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1971 ተጀምሮ፣ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1976 ነው። ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ፣ በጥቅምት 1977፣ በጎረቤታችን ሶማሊያ፣ መርካ በምትባል የወደብ ከተማ፣ በዓለም በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ተገኘ። አሊ ማው ማሊን ይባላል፤ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። የሚሠራው ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ እንዴት ሳይከተብ ቀረ? ከዓመታት በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ መርፌው የሚያም መስሎት ፈርቶ ነበር። የተከተበ ለመምሰል ክንዱን ይዞ አለፈ።

የወዳጆቼን ጥያቄ እሰማዋለሁ፤ «ይኸውልህ! ሕመምን የፈራ ሰው ከክትባት ሸሸ፤ ታዲያ ያማል ብለን ብንናገር የሚሸሸው አይበዛም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ክብደት ያለው ጥያቄ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ማሊን ሕመሙን ከማንም አልሰማም፤ በዓይኑ አየው። በዙሪያው ያለው ሁሉ ክንዱን ይዞ ሲሄድ እያየ፣ የማይናገሩት ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ በልቡ ገመተ። ዝምታ ሕመምን አይሸሽገውም፤ መጠኑን ነው የሚሸሽገው። መጠኑ ያልታወቀ ነገር ደግሞ በሰው ልብ ውስጥ እንደ ሌሊት ጥላ ይረዝማል።

ማሊን ዳነ። የቀረውን ታሪኩን ነው የምወድለት። በኋላ ዘመኑ ከፖሊዮ ክትባት ዘመቻዎች ጋር ተሰልፎ፣ የሚያመነቱ ወላጆችን ሲያገኝ የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር፤ እንደፈራ፣ እንደሸሸ፣ እንደታመመ። ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ ተመልሶ በገባበት በ2013 እ.ኤ.አ. በዚያው ሥራ ላይ ሳለ በወባ ታሞ ዐረፈ። ሰዎችን ያሳመነበት መሣሪያ «ምንም የለም» የሚል ቃል አልነበረም፤ ፍርሃቱን ሳይሸሽግ መናገሩ ነበር።

እናንተ የቃል ወዳጆች ናችሁና አንድ የቃል ነገር ላንሣ። በቋንቋችን «ከተበ» መጻፍም ነው፣ መውጋትም ነው። ክታብ የምንለው በብራና ተጽፎ በአንገት ወይም በክንድ የሚታሰረው ነው፤ ክትባት የምንለው ደግሞ በክንድ ውስጥ የሚገባው ነው። ሁለቱም ከክፉ እንዲጠብቁ የታሰቡ ናቸው፤ ልዩነታቸው አንደኛው ከቆዳ በላይ፣ ሌላው ከቆዳ በታች መዋሉ ነው። ይህን ዝምድና ሳስብ፣ ክንዴ ብራና፣ ሕመሙም ሰውነቴ አዲሱን ጽሑፍ ሲያነብ የሚያሰማው ድምፅ ይመስለኛል።

ምሳሌው ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። በትናንቱ መርፌ የገባው የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ መርዝ ነው፤ መርዝነቱ ተሰብሮ፣ መልኩ ብቻ የቀረ። ሰውነት ግን መልኩን አይቶ ጠላት ገባ ይላል። የመከላከያ ሕዋሳት ወደ ትከሻው ጡንቻ ይሰበሰባሉ፤ እርስ በርስ የሚጠራሩበትን ኬሚካል ይረጫሉ፤ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ፈሳሽ ወደ ጡንቻው ይዘልቃል፤ ቦታው ያብጣል፤ የነርቭ ጫፎችም ከወትሮው ይልቅ ንቁ ሆነው በጥቂት ንክኪ ይጮኻሉ። ከሕዋሳቱ አንዳንዶቹ የጠላትን መልክ ይዘው ወደ ብብት ዕጢዎች ይወርዳሉ፤ ትምህርቱ የሚሰጠው፣ የሚታወሰውም እዚያ ነው። ክንዴ ላይ ያለው ሁካታ እንግዲህ ይህ ነው። ክንዱን ያላመመው ሰውም ክትባቱ አልሠራልኝም ብሎ አይስጋ፤ ትምህርት በጸጥታም ይሰጣል።

እንዲህ ላለው ሕመም መፍትሔው ቀላል ነው። በንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ቦታው ላይ ማድረግ፤ ክንድን አቅፎ አለመዋል፣ ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ፤ ቦታውን አለማሸት፤ ሕመሙ ከበረታ፣ የሚከለክል ነገር ከሌለ፣ በመጠኑ ፓራሲታሞል መውሰድ። ከአንድ ቀን በኋላ መቅላቱና ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ቀናት አልፈው አልለቅ ካለ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ይገባል። በተወጉ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊትና ከንፈር ካበጠ ግን ለአፍታም ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው፤ ይህ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ ቢሆንም ሊነገር ይገባዋል። ይህ ሁሉ ተነግሮ ለማለቅ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ያንን ጊዜ ነው እኔ ከአክስቴ የሰረቅኩት።

ለምን ሰረቅኩ? በፍቅር ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። አሁን ሳስበው በንቀት ነበር። እውነቱን መሸከም አይችሉም ብዬ ፈረድኩባቸው፤ ልጅ ወልደው ያሳደጉትን፣ ባል የቀበሩትን፣ የፈንጣጣን ቅርፊት ሦስት ሳምንት የተሸከሙትን ሴት፣ የሁለት ቀን የክንድ ሕመም መስማት አይችሉም አልኩ። ሕፃን ልጅን «አያምምም» ብለን እናስወጋዋለን፤ ሲያለቅስ «ጎበዝ አያለቅስም» እንለዋለን። አንዴ በቃላችን፣ አንዴ በዕንባው እናፍርበታለን። ከዚያ አድጎ የሚነገረውን አላምን ሲል ደግሞ እንገረማለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂላችን ለታማሚው ብቻ የተነገረ ይመስለናል፤ መድኃኒቱን ይዞ ለሚመጣውም ነው። የመድኃኒቱን ምሬት የደበቀ፣ ጠጪ የለውም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፤ ክትባት የምንሰጥ፣ የምናሰጥ፣ ስለ ክትባት የምንጽፍም ሁሉ፣ «አያምም» የሚለውን ቃል እንተወው። በምትኩ የሲስተሯን ሦስት ነገሮች እንያዝ፤ ያማል፣ እንዲህ ያማል፣ በዚህ ቀን ያልፋል።

ዛሬ ከሰዓት፣ ክንዴን እንደያዝኩ፣ አክስቴ ቤት ሄድኩ። የሚያሳድጓት የልጅ ልጃቸው ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የእሷ ተራ ነው። አክስቴ «አትወጋም» ብለው ከርመዋል። ገብቼ ስቀመጥ ፊቴ መጨማደዱን አዩና «ምን ሆነሃል?» አሉኝ።

«ተከተብኩ» አልኳቸው።

«አመመህ?»

«አዎ። ሌሊቱን ሙሉ አመመኝ።»

«እሰይ!» አሉ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዝም ብለን ቆየን። ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ቡናውን ቀዱልኝ እንጂ ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላሉኝም። ስኒውን በቀኝ እጄ ስቀበል፣ ልጅቷ ከጓዳ ብቅ ብላ «እኔንስ ያመኛል?» ብላ ጠየቀች። አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደሙኝ።

«ያምምሻል» አሏት፤ ክንዳቸው ላይ ያለችውን አሮጌ ጠባሳ በጣታቸው እየዳሰሱ። «ያምምሻል፤ ደግሞ ይለቅሻል። ስንት ቀን ነው ያልከው አንተ?»

«ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት» አልኩ።

«እንግዲህ እንቆጥራለን» አሉ አክስቴ።