መጀመሪያ ልክ፣ ከዚያ ተገጣጣሚ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እየሠራሁ እሸጣለሁ። ገዢ ሳይመጣ በፊት ኤልቲዜድ የሚባለውን የፍሬም ብረት በይጄ፣ ላሜራውን አልብሼ፣ ፀረ ዝገት ቀብቼ ከግድግዳ አስደግፈዋለሁ። ተገጣጣሚ የሚባለው ነገር በእኔ ሙያ ይኼው ነው፤ ቀድሞ ይሠራል፣ ቦታው ላይ ይገጠማል። የከተማው ሰው ግን ተገጣጣሚ ሲባል ትዝ የሚለው የመንገድ ዳር ቆርቆሮ ሱቅ ነው፤ ዛሬ ቆሞ ነገ የሚነሣ።

እንዲህ ብሎ የሚንቀው ሰው ራሱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖር ይሆናል። ከእነዚያ ቤቶች የብዙዎቹን ወለል የተሸከሙት ቀድመው የተመረቱ ቢሞችና በመሐላቸው የተደረደሩ ብሎኬቶች ናቸው። ገርጂ ላይ ከተሠራው የሙከራ ግንባታ በኋላ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ ሲስፋፋ ቢሙንም፣ ብሎኬቱንም፣ በሩንም ያመርቱ የነበሩት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ልጆች ነበሩ። ሥራውን ያቀለለላቸው የተለየ ማሽን አይደለም፤ የአንዱ ብሎክ በር ከሌላው እኩል ስለሆነ አንድ ልክ ይዘው ቀኑን ሙሉ መበየድ መቻላቸው ነው።

መርካቶ ያጣችው ይኼን አንድ ልክ ነው። እዚህ ግንበኛው የበሩን ክፍተት እንደመጣለት ይተወዋል። በቅርቡ 90 በ210 ሴንቲ ሜትር በር ያዘዘኝ ደንበኛ ጋ በሩን አስጭነን ብንሄድ፣ ክፍተቱ ከላይ 88፣ ከታች 91 ሆኖ ጠበቀን። እንግዲህ ወይ ብሎኬቱ ይፈለጣል፣ ወይ በሩ ተመልሶ በግራይንደር ይቆረጣል። (ተሸካሚው ሁለቴ ስለሚከፈለው አላማረረም።)

ሕንፃ ሲሠራ አሸዋና ጠጠሩ መንገድ ላይ ተደፍቶ፣ የባሕር ዛፍ ርብራቡ የሱቁን በር ዘግቶበት ወራት የሚቆጥር ጎረቤት ነጋዴም አለ። ሥራው ሌላ ቦታ አልቆ ሌሊት ቢገባ ስንቱን ጣጣ ባስቀረ! መሐንዲሶች ግን ተገጣጣሚ ምሰሶ የሚያነሣ ክሬን በዚህ ጠባብ መንገድ አይዞርም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። መጋጠሚያው በደንብ ካልታሰረም ያስፈራል፤ በ2017 ከፈንታሌ በኩል የመጣውን የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረት ፎቅ ላይ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ስለዚህ ምሰሶው ይቆየን። በበር፣ በመስኮትና በደረጃ መደገፊያ እንጀምር።

የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ለሱቅ ሕንፃዎች አምስት ስድስት የበርና የመስኮት ልክ ያውጣ፤ ፕላን ሲያጸድቅም በዚያው ያስገድድ። ግንቡ ከልኩ ከወጣ ማስተካከያውን ተቋራጩ ይክፈል። እስካሁን የምንከፍለው እኛ ነን።