ስለ አሮጌው ማጉያና ስለ አዲሱ ሣጥን

አያቴ ወፍጮና መጇን ትታ እህሏን ወደ ሞተር ወፍጮ የላከች ዕለት፥ «ዱቄቱ ተቃጠለ፤ እንጀራው መኪና መኪና ይሸታል» ብላ ሦስት ቀን ማኩረፏን እናቴ ብዙ ጊዜ አጫውታኛለች። በአራተኛው ቀን ግን ገብሱን በአህያ አስጭና የላከችው እርሷው ራሷ ነበረች። ወፍጮውና መጁም አልተጣሉም፤ እስከ ዛሬ በጓዳችን ተቀምጠው ለበርበሬና ለጨው ያገለግላሉ። ይህን ማንሣቴ በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ የተነሣው ክርክር እርሱኑ ስለሚመስል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክበባችን ለብዙ ዓመታት ሲገለገልበት የቆየ አንድ ትልቅ የጊታር ማጉያ አለ። ከመርካቶ በአሮጌነት የተገዛ ነው ይባላል። ሁለት ልጆች ከመጋዘን እስከ አዳራሽ ተሸክመውት ሲያለከልኩ ያየ ሰው ክብደቱን ለመጠየቅ አይቸገርም። ከመዞሪያዎቹ አንዱ ከወለቀ ቆይቷልና በፒንሳ ይዘን እናዞረዋለን። ባለፈው ክረምት ደግሞ ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጥተው በውጭ አገር የሚኖሩ አንድ ደግ ሰው፥ ከሁለት ኪሎ የማይበልጥ ዲጂታል የድምፅ ማቀነባበሪያ ላኩልን። በላዩ ላይ አራት የእግር መርገጫና አንዲት ትንሽ መስታወት አለችው። በውስጡም የብዙ ታዋቂ ማጉያዎችን ድምፅ አስመስሎ ይዟል ተባለ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ክበባችን በሁለት ጎራ ተከፍሎ ሲነታረክ ዓመቱ አለቀ። እኔም ጊታር መቺ እንደ መሆኔ፥ ሁለቱም ወገኖች ሳያዩት የቀረ ነገር ያለ ስለሚመስለኝ አሳቤን ለአንባቢ አቀርባለሁ።

አስቀድሜ የመሣሪያውን አሠራር ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልግለጽ። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ሲመታ፥ ከሥሩ ባለው ማግኔት ላይ በተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህን ደካማ ኃይል አበርትቶ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ማጉያው ነው። የቀድሞዎቹ ማጉያዎች ቫልቭ በሚባል አየር በሌለው የመስታወት ብልቃጥ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ የሚሠሩ አሉ። ቫልቭ ከዐቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁን ያሻክረዋል። ጊታር መቺዎች ይህን መሻከር ወደዱትና ጉድለቱ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ነገር ግን ዕቃው ከባድ ነው፤ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ የተባለው ስመ ጥር ማጉያ ወደ 29 ኪሎ፥ ማለት ከሩብ ኩንታል በላይ ይመዝናል።

አዲሱ ሣጥን ቫልቭ የለውም። ከጊታሩ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በአንድ ሰከንድ ከ40,000 ጊዜ በላይ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ቫልቩና ትራንስፎርመሩ ምን ያደርጉት እንደ ነበር በሒሳብ ያሰላና ቁጥሩን መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የማሚቶው ብልኀት ነው። እረኛ በገደል አፋፍ ቆሞ ሲጣራ ገደሉ ይመልስለታል፤ የአንዱ ገደል አመላለስም ከሌላው ይለያል። መሐንዲሶቹ የአንድን የድምፅ ማጉያ ሣጥን ወይም የአንድን አዳራሽ አመላለስ አንድ ጊዜ ቀድተው ያስቀምጡታል። ከዚያ ወዲያ ተማሪው በራቤል ቢጫወትም ድምፁ በዚያ በተቀዳው ገደል ፊት እንደ ተጫወተ ሆኖ ይሰማል።

ይህም ጥበብ ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ቪጂ ስምንት የተባለውን በ1995፥ የአሜሪካው ላይን ሲክስ ደግሞ ፖድ የተባለውን በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አውጥተዋል። ለእኛ አዲስ የሆነው ለሌላው እያረጀ ነው ማለት ነው።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። አንደኛው ወገን፥ «ሒሳብ ድምፅ አይሆንም፤ የቫልቭ ሙቀት የለውም» ይላል። ይህን የሚሉት ጓደኞቼ ቅር አይበላቸውና፥ የእኛ አሮጌ ማጉያ የትራንዚስተር እንጂ የቫልቭ አይደለም። ከኋላው ያለውን ክዳን ፈትቼ አይቻለሁ። በሕይወታችን ያልሰማነውን ድምፅ ቀረብን ብለን ማልቀሳችን እንግዳ ነገር ነው። ሌሎች ደግሞ «ሣጥኑ እያሰላ ይዘገያል» ይላሉ። መዘግየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚዘገየው ጥቂት ሺሕኛ ሰከንድ ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ፥ የሦስት ሺሕኛ ሰከንድ መዘግየት ከማጉያው አንድ ሜትር ያህል ርቆ እንደ መቆም ይቆጠራል። አንድ ርምጃ ወደ ኋላ በመቆሙ ዘፈን የተበላሸበት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንዲያውም ሣጥኑ የተጠላው በመጀመሪያው ቀን በራሳችን አላዋቂነት ነው። ከአሮጌው ማጉያ ጋር ስናገናኘው ድምፁ በርኖስ ተከናንቦ እንደሚናገር ሰው ታፍኖ ወጣ። ግማሹ ክበብ የዚያኑ ዕለት ፈረደበት። በኋላ መመሪያውን ስናነብ፥ ሣጥኑ የድምፅ ማጉያ ማስመሰያውን እንደ ከፈተ ወደ እውነተኛ ድምፅ ማጉያ ስለ ላክነው ነገሩ ሁለት ጊዜ መደረቡን ተረዳን። ማስመሰያውን ስንዘጋው ድምፁ ጠራ፤ ዳሩ ግን ፍርዱ አልተነሣም።

ሁለተኛው ክስ ከበድ ያለ ነው፤ ይኸውም «የባዕድ መሣሪያ የአገራችንን ዜማ ያጠፋል» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ታሪክ ቢያይ መልካም ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከነ ጥሩምባቸው ሲያስመጡ፥ ጥሩምባው የባዕድ ነበር። ዛሬ ግን የድሮውን የአዲስ አበባ ዘፈን ያለ ጥሩምባ የሚያስበው ማን ነው? በኋላም ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ትዝታንና ባቲን በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውቷል። ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ከዋሊያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ከቀረ በኋላ፥ በ1985 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አኮርዲዮኑን ከያማሃ ዲጂታል ኪቦርድ ጋር አጣምሮ ካሴት አወጣ። አኮርዲዮኑ የልጅነቱ ነው፤ ኪቦርዱ የዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበር። አንዱ ሌላውን አላባረረውም። አቶ ሙላቱ አስታጥቄም በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ሳሉ የአገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች ለማሻሻል ሠርተዋል፤ በኤም አይ ቲም ዘመናዊ ክራር እንዲሠራ ምክር ሰጥተዋል። እርሳቸው ክራሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሲወስዱት እኛ ኤሌክትሪኩ ወደ ክራሩ ሲመጣ እንሸሻለን።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን አዲሱን ሣጥን ለሚያመልኩት ጓደኞቼም የምነግራቸው አለኝ። በሣጥኑ ውስጥ ክር የሚቃኝበት መለኪያ አለ፤ ቅኝቱ ሲስማማ አረንጓዴ፥ ሲሳሳት ቀይ ያበራል። በጥቅምት ወር ከዘጠነኛ ክፍል አንዲት ክራር ደርዳሪ እኅታችን ክራሯን በአንቺ ሆዬ ቃኝታ መጣች። መለኪያው በቀይ ላይ በቀይ አበራ። ከእኛ መካከል አንዱ «ቅኝትሽ ተሳስቷል» አላት። ልጅቱ ምንም ሳትመልስ ክራሯን በነጠላ ጠቅልላ ሄደች፤ ለአራት ሳምንትም አልተመለሰችም። መለኪያው የሚያውቀው ፈረንጆች እኩል እኩል አድርገው የከፈሏቸውን ዐሥራ ሁለት ድምፆች ብቻ ነው። የክራር ደርዳሪ ጆሮ ግን በእነዚያ መካከል ይቆማል። በጊታር አንገት ላይ በብረት የታሰረውን ርቀት ክራር አይገደድበትም። የተሳሳትነው እኛ ነበርን። ይህንንም በዚህ መጽሔት ላይ የምጽፈው ያን ቃል የተናገርሁት እኔው ስለሆንሁ ነው።

ደግሞም ሰዓቱ የት እንደሚሄድ ልብ በሉ። ከቀትር በኋላ ለልምምድ ከተሰጠን ሁለት ሰዓት አንዱ የሚያልቀው ድምፅ ስንመርጥ ነው። የማጉያዎቹ ስም ሁሉ ተለውጦ ተጽፏል፤ ፋብሪካዎቹ በስማቸው እንዳይነገድ ስለሚከለክሉ እንቆቅልሽ የሚመስል ስም ተሰጥቷቸዋል። እኛም እንቆቅልሹን ስንፈታ ደወል ይደወላል።

በወላጆች በዓል የሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። በሁለተኛው ዘፈን መካከል መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ሣጥኑ እስኪነሣ ድረስ አዳራሹ ዝም ብሎ ጠበቀ። በዚያ ዝምታ መካከል የአንድ ተማሪ አባት የሆኑት ሽማግሌ ማሲንቋቸውን አንሥተው አዳራሹን ያዙት፤ ማንም መብራቱን አልፈለገም። በኋላ ወደ እኔ ቀርበው ሣጥኑን በበትራቸው ጫፍ እያሳዩ፥ «ልጄ፥ ይኸ ስንት ዘፈን ያውቃል?» አሉኝ።

«ዘፈን አያውቅም አባባ፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው» አልኋቸው።

«እንግዲያ አንተ እወቅለታ» ብለው ሳቁ።

አሁን የቀረበው አሳብ፥ አሮጌው ማጉያ ተሽጦ በገንዘቡ ሁለተኛ ሣጥን ይገዛ የሚል ነው። እኔ ወደ አዲሱ ሣጥን እንሻገር ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴም የድምፁ ብዛት አይደለም። አብዛኞቻችን ከገጠር መጥተን በከተማው ቤት ተከራይተን የምንማር ነን። ማታ ጊታር ቢነካ የቤት ባለቤቷ በሩን ትደበድባለች። በሣጥኑ ግን የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ጎረቤት ሳይረብሹ እስከ እኩለ ሌሊት መለማመድ ይቻላል። የሚፈልገውም ዘጠኝ ቮልት ብቻ ስለሆነ፥ የፊዚክስ መምህራችን መብራት በጠፋ ጊዜ ከፀሐይ ኃይል ባትሪ ጋር አገናኝተውልናል። በየተራ ይዞ ለመሄድ ደብተር መያዣ ቦርሳ ይበቃል።

መሸጡን ግን እቃወማለሁ። አስቀድሞ ሣጥኑ የራሱ አፍ የለውም፤ በአዳራሽ ለሕዝብ የሚናገረው በአሮጌው ማጉያ በኩል ነው። ማጉያውን ሸጠን ሁለት ሣጥን ብንገዛ ሁለት ዲዳዎች ይኖሩናል። ሌላው ነገር ጥገና ነው። የአሮጌው ሆድ ሲከፈት እያንዳንዱ ነገር በዓይን ይታያል፤ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው በካውያና በቆርቆሮ ሊያድነው ይችላል፤ ሁለት ጊዜም አድኖታል። አዲሱ ቢታመም በአካባቢያችን የሚያክመው የለም። ስለዚህ ለክበቡ ኮሚቴ ያቀረብሁት አሳብ፥ ሣጥኑ በተራ ለልምምድ ይሰጥ፤ ማጉያው በመጋዘን ይቀመጥ፤ የቅኝት መለኪያው ክራርና ማሲንቆ ባሉበት ይዘጋ የሚል ነው። ክራር ደርዳሪዋ እኅታችንም ለምነናት ተመልሳለችና፥ ከድምፅ መቀበያ ጋር ሣጥኑ ላይ ሰክታ ጥቂት ማሚቶ ጨምራበት ስትደረድር የሰማ ሁሉ ይህን አሳብ እንደሚደግፍ አምናለሁ።

ስብሰባው በግንቦት ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ማጉያውን ለገዢ ላሳይ የሚል አባል ቢኖር፥ ፒንሳው ከእኔ ዘንድ ስለሆነ ድምፁን ከፍ ማድረግ አይችልም።