ደመወዝ ስምን አይገዛም

ሠራተኛ ለቀጣሪው የሚያቀርበው ጉልበቱን፣ ዕውቀቱንና ጊዜውን ነው። የሥራ ውሉ ሲያበቃ ሦስቱም ወደ ባለቤታቸው ይመለሳሉ። ስሙ ግን ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር በንብረት መዝገብ የሰፈረ ይመስል በአንዳንድ ድርጅቶች እጅ ይቀራል። ከቡድኑ የወጣው ተዋናይ ስሙ በአዲሱ ተውኔት ማስታወቂያ ላይ ይለጠፋል፤ መምህሩ የለቀቀው ትምህርት ቤት በመምህሩ ስም ተማሪ ይመዘግባል። ባለስሙ አልተጠየቀም፤ አልፈቀደምም።

ይህን አድራጎት ቸልተኝነት ብሎ ማለፍ አይቻልም። ትናንት በጉልበቱ ያገለገለ ሰው ዛሬ ያለ ደመወዝ በስሙ እንዲያገለግል መደረጉ ግልጽ ብዝበዛ ነው። ጉዳቱም ለኅብረተሰቡ ይተርፋል። ተመልካች የሌለን ተዋናይ ለማየት ቲኬት ይቆርጣል፤ ወላጅ የሌለን መምህር አምኖ ልጁን ያስመዘግባል። ሥራው የተበላሸ እንደሆነም ወቀሳው የሚወርደው እጁን ባላስገባው ሰው ላይ ነው።

«ለዝና ያበቃነው እኛ ነን» የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። መድረክ መስጠት ግን በመድረኩ የቆመውን ሰው ለዕድሜ ልክ የመውረስ መብት አያስገኝም። ድርጅት ታሪኩን ይጻፍ፤ «እገሌ በእነዚህ ዓመታት ከእኛ ጋር ሠርቷል» ይበል፤ ይህ እውነት ነው። «እገሌ ከእኛ ጋር ነው» ሲል ግን ሕዝብን ያታልላል።

ስም ከባለቤቱ ሲለይ የሚያስከትለውን በደል ከአሜሪካዊው የልብስ ንድፍ ባለሙያ ከሃልስተን ታሪክ መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ድርጅቱን ከነስሙ ኖርተን ሳይመን ለተባለ ኩባንያ ሸጠ። በ1984 ከሥራው ከተገለለ በኋላ ስሙ እሱ ባልነደፋቸው ልብሶች ላይ ሲነግድ፣ እሱ በገዛ ስሙ መሥራት ተስኖት በ1990 አረፈ። ሃልስተን እንኳ ፈርሞ፣ ዋጋ ተቀብሎ ነበር። እዚህ የሚወሰደው ስም ግን ፊርማም ዋጋም የለውም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሰው ስምና ምስል ጥበቃ አድርጓል። የ1996 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅም ደራሲው በሥራው ላይ ስሙ እንዲገለጽ የመጠየቅ፣ ቢሻም ስሙን የመሰወር መብት ሰጥቶታል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው የሚያስከብረው ክንድ ነው። ስለዚህ የሙያ ማኅበራት በእያንዳንዱ የሥራ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ እንዲገባ ሊታገሉ ይገባል፦ ሠራተኛው በወጣበት ቀን ስሙም ከማስታወቂያው ይውጣ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና ለባለቤቱ ይመለስ።