ፍጻሜ ያለው ቅጣት

በስቅለት ዕለት በሠርክ፣ ስግደቱ ሲያበቃ፣ ምእመናን ተራ በተራ ቀርበው በደላቸውን ለካህኑ ሲናገሩ፣ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ቸብ ቸብ እያደረገ የሚሰግዱትን ቍጥር ሲያዝዝላቸው እያየ፣ ጥብጠባውን ከልማድ ያለፈ ምሥጢር እንደሌለው የሚቈጥር ሰው አይታጣም። ለእኔ ግን የቤተ ክርስቲያን የቅጣት ትምህርት በዚያች ጥቂት ደቂቃ ተጠቃሎ ይታየኛል፤ በደል አለ፣ ቅጣት አለ፣ ቅጣቱም ቍጥር አለው፤ ቍጥሩ ሲሞላ ሰውየው ተፈትቶ ወደ ቤቱ ይገባል፣ በማግሥቱም ያን በደል የሚያነሣበት የለም።

የኦሪትን ብድራት ብቻ እየጠቀሱ ጭካኔን የሚያወድሱም፣ በምሕረት ስም ቅጣት ይቅር የሚሉም፣ ሁለቱም ፈያታዊ ዘየማንን ዘንግተዋል፤ እርሱ ፍርዱ የሚገባው መሆኑን በራሱ አንደበት መሰከረ፣ ገነትም ተሰጠው፣ ከመስቀሉ ግን አልወረደም።

በ13ኛው መቶ ዓመት ግብጻዊው ሊቅ ኢብን አል ዐሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ ኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ በ51 አንቀጹ የዳኛውን ሰይፍና የነፍስ አባቱን ቀኖና በአንድ ጥራዝ ይዞ ኖሯል። ሰይፉ ጨካኝ እንደ ነበር አልሸሽግም፤ ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ በእጃቸው የሚሞትበት ዘመን ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን ካህናት መስቀል ይዘው፣ ሽማግሌዎችም ድንጋይ ተሸክመው፣ ዘመዶቹ የደም ካሳ ተቀብለው እንዲታረቁ ይማጸኑ ነበር፤ ካሳው ተከፍሎ ዕርቁ ከወረደ በኋላም ደሙ እንደ ደረቀ ይቈጠር ነበር።

ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይህን ፍጻሜ ፈጽሞ አልዘነጋም፤ እስከ ዛሬም በሕጋችን መሰየም የሚባል ሥርዐት አለ፤ በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ጨርሶ 5 ዓመት በመልካም ጠባይ ከቈየ፣ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን ሊለምን ይችላል። ከወህኒ የወጣ ሰው ሥራ ፈልጎ በየደጁ ሲዞር የሚጠየቀው ግን የአሻራ ምርመራ ወረቀት ነው፤ የሚለምንበት በር መኖሩንም የሚነግረው አያገኝም። አጥቢያዎቻችን እንኳ ዘበኛ ሲቀጥሩ ይህንኑ ወረቀት ካስቀደሙ፣ መንግሥትን ለመውቀስ ምን አፍ ይኖራቸዋል? ይልቁንስ በየወህኒ ቤቱ የሚያስተምሩ ካህናት፣ ስለ ንስሓ ከሚሰብኩበት ሰዓት ጥቂቱን ቀንሰው፣ ታራሚው የመሰየም ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ያሳዩት።